«ጠቅ» እንኳን አላለም

ቁልፉን አዞርኩ። ምንም።

ምንም ስል የምር ምንም ማለቴ ነው። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) አላጓራም፣ አላቃሰተም፣ «ጠቅ» እንኳን አላለም። የዳሽቦርዱ መብራቶች በርተዋል። ሬዲዮው ይዘፍናል። መኪናው ግን እንደተኳረፈ ሰው ዝም አለኝ።

ልጄ ቦርሳዋን ታቅፋ አጠገቤ ተቀምጣለች። «አባዬ፣ ሞተ እንዴ?» አለች። ደግሜ አዞርኩ። ሦስተኛ አዞርኩ። አራተኛው ላይ ከንዴት ብዛት ማርሹን ገፋ መለስ አደረግኩት። ወዲያው ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ተነሳ። እኔም ምንም እንዳልሆነ መንዳት ጀመርኩ። ምክንያቱን ለማወቅ ከዚያ ቀን በኋላ አራት ወር ፈጀብኝ። አራቱን ወር የፈጀው ግን የብልሽቱ ክብደት አይደለም፣ የእኔ አካሄድ ነው።

መኪናው አሮጌ ፒክአፕ ነው። ዕድሜው ከእኔ ትንሽ ቢያንስ ነው። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አውቶማቲክ ሲሆን ማርሹ የሚቀየረው ከመሪው ጎን ባለው ረጅም እጀታ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱት ሞተሩ ዙሪያ ሰው ገብቶ ሊቆም የሚችልበት ባዶ ቦታ አለ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም። ይሄን ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ እንደ ጥቅም ነበር የምቆጥረው። ሲበላሽ ግን የስህተት ኮድ አውጥቶ የሚነግርህ የለም። ራስህ መጠየቅ አለብህ። እኔ ደግሞ ከመጠየቅ መግዛት ይቀለኛል።

መጀመሪያ የወቀስኩት ባትሪውን ነው። መኪና አልነሳ ሲል ሁሉም ሰው ባትሪ ነው የሚወቅሰው። በቴስተር ስለካው 12.6 ቮልት አሳየኝ፤ ሙሉ የሆነ ባትሪ የሚያሳየው ቁጥር ነው። እኔ ግን አላመንኩትም። «ያረጀ ባትሪ ቮልት ያሳይሃል እንጂ ጉልበት የለውም» ሲባል ሰምቼ ነበር። አባባሉ እውነት ነው። ግን ጉልበት ያጣ ባትሪ ሞተሪኖውን ያንገዳግደዋል፣ ወይም ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያሰኘዋል። ጭጭ አያሰኘውም። ያኔ ይሄ ልዩነት አልገባኝም። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አንድ ሳምንት ሠራ። ከዚያ ዝም አለ።

ቀጥሎ ሞተሪኖው። የተያዘው በሁለት ብሎን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ብሎን እዚያ ቦታ ያስቀመጠው ሰው ግን እጅ ያለው ፍጡር ይፈታዋል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ግማሽ ቀን ታግዬ አወረድኩት። ሞርሳ ላይ አስሬ ከባትሪው ጋር ሳገናኘው እንደ እብድ ዞረ። ጤነኛ ነው። ጉልበቴ የተላጠው በከንቱ ነው። መልሼ ሰቀልኩት።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ሁለት ጤነኛ ዕቃ ነካክቻለሁ፤ ብልሽቱን ግን አንድም ቀን ብልሽቱ ባለበት ሰዓት ለክቼው አላውቅም። በማሰብ ፈንታ ሥርዓት ፈጠርኩ።

ሥርዓቱ ይሄ ነው። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮ መያዝ። በሌላው እጅ ማርሹን ከፓርክ (መኪናው ከሚቆምበት ማርሽ) ሳያወጡ ወደ ላይ ገፋ ማድረግ። እምቢ ካለ ወደ ኒውትራል ማውረድ። አሁንም እምቢ ካለ ሁለት ሦስቴ ነቅነቅ። ባለቤቴ በሁለተኛው ሳምንት ከእኔ በለጠች። እጇ ውስጥ አንድ ነገር ገባ፤ እኔ አምስቴ ታግዬ ያቃተኝን እሷ በአንዴ ታስነሳው ነበር። ልጄ ደግሞ መሃል ቁጭ ብላ «አሁን! አሁን!» እያለች ታግዘን ነበር።

የሥርዓቱ ክፋት መሥራቱ ነው። ጨርሶ ባይሠራ ኖሮ በማግስቱ መፍትሔ እፈልግ ነበር። ስለሚሠራ ግን ለመድነው። አንድ ዘመድ ልናውሰው ስንል ባለቤቴ ቁጭ አድርጋ ለሩብ ሰዓት ስታሠለጥነው አይቼ አፈርኩ። እንደውም ሳያዩኝ ከበሩ ተመለስኩ።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመካኒክነት ነው የኖሩት። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በዚያው ማታ ደወልኩላቸው።

«ስታዞረው ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት? ጠቅ አይልም?»

«አይልም።»

«የፊት መብራት አብርተህ ሞክረሃል? ስታዞረው ይፈዛል?»

«አላየሁም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ አራት ወር ሙሉ ምኑን ነው ያየኸው?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ቀጠሉ። «የኋላ ማርሽ መብራቱስ ይበራል?»

«እሱማ ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል። ምን አገናኘው?»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ሰማሁ።

የፊት መብራቱ ሙከራ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ጭልም ካለ ሞተሪኖው ብዙ ኃይል እየሳበ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ባትሪውን፣ የባትሪውን ገመዶች ወይም ሞተሪኖውን ራሱን መጠርጠር ነው። መብራቱ ቅንጣት ካልፈዘዘ ግን ሞተሪኖው ምንም ኃይል እየሳበ አይደለም። ሞተሪኖው እንደ እኔው ጤነኛ ከሆነ ትዕዛዙ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ወጥቼ ሞከርኩት። ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን አልተነቃነቀም።

ለካ መኪናዬ መነሳት አላቃተውም። አልተፈቀደለትም። እኔ አራት ወር ሙሉ ጉልበተኛውን እየመረመርኩ ዘበኛውን ረስቼዋለሁ።

ዘበኛው የኒውትራል ስዊች ይባላል። ሥራው አንድ ነው፤ ማርሹ ፓርክ ወይም ኒውትራል ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው እንዳይዞር መከልከል። ቁልፉን ስታዞሩ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ሞተሪኖ አይሄድም። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ሪሌ ይቀሰቅሳል፣ ሪሌው ነው ትልቁን መስመር የሚከፍተው። በእኔ መኪና ላይ ሪሌው በአንድ በኩል ከቁልፉ 12 ቮልት ይቀበላል፤ በሌላ በኩል ማሳ (ኃይሉ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ) ማግኘት አለበት። ማሳውን የሚሰጠው ስዊቹ ነው። ማርሹ ፓርክ ወይም ኒውትራል ላይ ሲሆን ካምቢዮው ውስጥ ያለች የብረት ጣት የስዊቹን መሃለኛ ፒን ትነካለች፤ ካምቢዮው ራሱ ብረት ስለሆነ ማሳው ይገኛል። በሌሎቹ ማርሾች ላይ ጣቷ ከፒኑ ትርቃለች፣ ሪሌውም ይተኛል።

በሁሉም አሮጌ ፒክአፕ እንደዚህ አይደለም። አንዳንዱ ላይ ስዊቹ መሪው አንገት ሥር፣ ከዳሽቦርዱ በታች ተደብቋል። አንዳንዱ ላይ ካምቢዮው ጎን ማርሽ የሚያዞረውን ዘንግ አቅፎ ይታሰራል፤ እሱ ብሎኖቹ ላላ ተደርገው ግራ ቀኝ ይስተካከላል። በነዚህ ብዙዎቹ ላይ ስዊቹ ማሳ አይሰጥም፣ ከቁልፉ የሚመጣውን መስመር ራሱን ነው የሚያቋርጠው። የእኔው ግን እንደ ብሎን ካምቢዮው ውስጥ የሚጠመዘዝ ነው። ሦስት ፒን አለው። መሃለኛው ለሞተሪኖው ነው። ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት ደግሞ ለኋላ ማርሽ መብራት።

አዎ። ለኋላ ማርሽ መብራት። አጎቴ ለዚያ ነው የሳቁት። «ተቃጥሏል» ብዬ ዓመት ሙሉ የተውኩት አምፖል ከዚሁ ስዊች ነው ኃይል የሚያገኘው። አምፖሉን አውጥቼ ሳየው ክሩ ሙሉ ነው፣ ምንም አልሆነም። ከሳሽ ምስክሬ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር።

ስዊቹን መናቅ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ሲከለክልህ የሚታይህ መከልከሉ ብቻ ነው። ከሞተሪኖ በፊት ግን ሞተር የሚነሳው ከፊት ለፊት በእጅ እየተጠመዘዘ ነበር። ማርሽ ገብቶ ከተረሳ መኪናው የሚመጣው በቀጥታ ጠምዛዡ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሲያስገባ ሰው ከፊት ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የተረሳ ማርሽ ግን ያው ነው። ሞተሪኖ መኪናን ከቆመበት ለማስፈንጠር በቂ ጉልበት አለው፤ ሞተሩ ከያዘለት ደግሞ መኪናው ይሄዳል። አሜሪካኖች ይሄን እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ግዴታ አድርገውታል። ቁጥር 102 በሚባለው የደኅንነት ደረጃቸው መሠረት አውቶማቲክ መኪና ማርሽ ገብቶ እያለ ሞተሪኖው መሥራት የለበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ለካሁ። የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አደረግኩ። ባለቤቴ ቁልፉ ጋ ተቀመጠች። ማርሹን እንዳታነቃንቅ ለመንኳት፤ እጇ ለምዶበት ያምራት ነበር። ዝም ባለበት ቅጽበት ሪሌው ላይ ለካሁ። የቁልፉ መስመር ላይ ቮልቱ መጥቷል። ስለዚህ ቁልፉም፣ ፊውዙም፣ እስከዚያ ድረስ ያለው ሽቦም ነፃ ነው። ማሳ መኖር ያለበት ጫፍ ላይ ግን ማሳ የለም።

መኪናውን አንስቼ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አስቀመጥኩ። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር አልገባም፤ እናንተም አትግቡ። ስዊቹ ላይ የተሰካው ሶኬት በዘይትና በአቧራ ድፍን ብሏል። ሽቦውን ይዞ መጎተት ሶኬቱን መስበር ነው፤ ያረጀ ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ነው። በቀስታ እያወዛወዝኩ ነቀልኩት። የመሃለኛውን ሽቦ በአንዲት ቁራጭ ገመድ ከካምቢዮው ብረት ጋር አገናኘሁ። ከሥሩ ወጣሁ። ማርሹ ፓርክ ላይ መሆኑን በዓይኔ አይቼ «አዙሪ» አልኩ።

በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሳያመነታ። አስር ጊዜ አጠፋን፣ አስር ጊዜ ተነሳ።

አሁን ሐቁን ልናገር። እዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቁራጯን ገመድ እያየሁ «ለምን እዚሁ አልተዋትም?» ብያለሁ። ትንሽ ቴፕ ጠቅለል ማድረግ ነው፤ ችግሩ አለቀ። ዕቃ መግዛት የለ፣ ዘይት መፍሰስ የለ። እንደዚህ ተደርጎ ለዓመታት የሚነዳ ስንት አሮጌ መኪና አለ። ባለቤቴም «ታዲያ ተሠራ አይደል?» አለችኝ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ልጄ ናት። እሷ ከመሃል ወንበር ላይ እየተንጠራራች ቁልፉን ማዞር ትወዳለች። አራት ወር ሙሉ «አሁን!» ስትል የነበረችው ልጅ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ባልኩበት፣ ማርሹ ዲ (ወደፊት መሄጃው) ላይ ተረስቶ እያለ አንድ ቀን ብታዞረውስ? በገመዷ ከሆነ መኪናው እሺ ይላል። ገመዷን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት።

ከመግዛቴ በፊት ስዊቹን ራሱንም ለካሁት። ከመሃለኛው ፒን ወደ ካምቢዮው ብረት። ፓርክ ላይና ኒውትራል ላይ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ኦም ማሳየት ነበረበት፤ በሌሎቹ ላይ ጨርሶ መቋረጥ። የእኔው ፓርክ ላይ አንዴ ይገናኛል፣ አንዴ ይቋረጣል፣ ማርሹ ሲነካ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ሁለቱ ዳርኞች ደግሞ የኋላ ማርሽ ላይ እርስ በርስ መገናኘት ሲገባቸው ፍንክች አላሉም። ጨርሷል።

መቀየሩ ከመመርመሩ ይቀላል። ስዊቹ የሚገኘው ከዘይቱ ከፍታ በታች ስለሆነ ሲፈታ የካምቢዮ ዘይት ይፈሳል። አነስ ያለ ዕቃ ሥሩ አድርጉ፤ ፊታችሁን ደግሞ ከሥሩ አርቁ። እኔ የመጀመሪያውን ምክር ሰምቼ ሁለተኛውን ረሳሁ። ሞቃት ካምቢዮ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አያስቅም ነበር። አሮጌው ሲወጣ መሃለኛው ፒን ጫፉ ተበልቶ አዘቅዝቋል። በባዶው ቀዳዳ ውስጥ ብረቷ ጣት ትታያለች። እዚህ ጋ ማንም የማይዘለው አንድ ነገር አለ። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ሰው ማርሹን ፓርክ፣ ከዚያ ኒውትራል ላይ ያድርግላችሁና ጣቷ በሁለቱም ላይ ቀዳዳው መሃል መምጣቷን እዩ።

ማንም አይዝለለው አልኩ እንጂ እኔ ዘልዬዋለሁ። ዘይቱ አንገቴ ውስጥ እየገባ ነበር። አዲሱን ከአዲስ ጎሚኒው ጋር በእጄ ጀመርኩት፤ ጥርሱ ከተዛነፈ የካምቢዮውን አልሙኒየም ይበላል። ከዚያ በቁልፍ አጠበቅኩት። ልኩ 33 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ በጡንቻ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ሶኬቱን አጸዳሁ፣ ሰካሁ፣ ከሥሩ ወጣሁ።

ኒውትራል ላይ፦ ተነሳ። ደግሜ፦ ተነሳ። ፓርክ ላይ፦ ምንም።

በዚያች ደቂቃ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ጣቷን አይተሃታል?» አሉኝ በመጀመሪያ ቃላቸው። እኚህ ሰው በስልክ ያያሉ እንዴ? ከመሪው እስከ ካምቢዮው ድረስ ማርሹን የሚያደርሱ ዘንጎች አሉ። መገጣጠሚያቸው ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ቀለበቶች ይቀመጣሉ። አንደኛዋ ተፈርፍራ የለችም። እጀታው ላይ መርፌው ፓርክን ያሳያል፤ ካምቢዮው ግን ፓርክ ጋ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። ማርሹን ወደ ላይ ስንገፋ የነበረው ያቺን ትንሽ ለማሟላት ነበር ማለት ነው። የተበላ ፒንና የላላ ዘንግ ተጋግዘው ነው ያሞኙኝ። አንዱን ብቻ ጠግኜ ነበር።

ቀለበቷ ከጥፍሬ ትንሽ ትበልጣለች። አስገባኋት፣ ማስተካከያውን ብሎን ፈትቼ ካምቢዮውን በእጄ ሙሉ በሙሉ ፓርክ ውስጥ ከተትኩት፣ እጀታውንም ፓርክ ላይ አድርጌ እንደዚያው እያሉ አጠበቅኩ። የፈሰሰውን ዘይት ተካሁ። የእኔ ካምቢዮ ዘይቱ የሚታየው ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ፣ ማርሹ ኒውትራል ላይ ሆኖ ነው፤ ፓርክ ላይ ሆኖ ያየ ሰው የተሳሳተ ልክ ያነባል።

የመጨረሻው ሙከራ ደስ የሚለው ነው። ታኮው እንዳለ፣ የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ፣ እግሬ ፍሬን ላይ፣ ከፊትም ከኋላም ማንም ሳይኖር እያንዳንዱን ማርሽ ሞከርኩ። ፓርክ፦ ይነሳል። የኋላ ማርሽ፦ ዝም። ልጄ ከመስኮት ሆና «መብራቱ በራ!» ብላ ጮኸች። ኒውትራል፦ ይነሳል። ዲ፦ ዝም። ሁለትና አንድ፦ ዝም፣ ዝም። ያ አራት ወር ያንገበገበኝ ዝምታ አሁን ሲመጣ ፈገግ አሰኘኝ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ቀድማ ወጣች። እኔ ቤት ውስጥ ነኝ። ሞተሪኖው «ርርር» ሲል ሰማሁ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። እንደገና «ርርር»፣ ቀጥ። ሦስተኛ። በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

«ጭራሽ አበላሸኸው!»

ወጥቼ አየሁ። ግራ እጇ ቁልፉ ላይ፣ ቀኝ እጇ ማርሹ ላይ ነው። በለመደችው ሥርዓት ቁልፉን እያዞረች ማርሹን ከፓርክ እያስወጣችው፣ አዲሱ ስዊች ደግሞ ሥራውን እየሠራ ነበር።

«እጅሽን አንሺለት» አልኳት።